መኪናችሁ ላይ ፒ0171 የሚል የስህተት ኮድ ሲመጣ ኦክስጅን ሴንሰር (በጭሱ ውስጥ ያለውን ኦክስጅን የሚለካው) መቀየር አለበት?

ኮዱ የተበላሸ ዕቃ ስም አይደለም። የሚለው፦ ባንክ 1 (ሲሊንደር ቁጥር 1 ያለበት የሞተሩ ጎን) ላይ አየር ለነዳጁ በዝቷል፤ ኮምፒውተሩ ነዳጅ ቢጨምርም ማካካሱ ከወሰን አልፏል። አብዛኛውን ጊዜ ሴንሰሩ ያየውን ነው የተናገረው፤ እሱን መቀየር ገንዘብ መጣል ነው።

በኮድ ማንበቢያ ማሽኑ ሾርት እና ሎንግ ፊውል ትሪምን (ኮምፒውተሩ የሚያደርገውን የአጭርና የረጅም ጊዜ የነዳጅ ማካካሻ በመቶኛ) ደምራችሁ እዩ። ለምሳሌ በሚኒሞ (ነዳጅ ሳይረገጥ) ድምሩ +25 በመቶ ሆኖ፣ 2500 ዙር ላይ ወደ +4 ከወረደ አየር የሚሰርቅ ቦታ ፈልጉ፦ የተሰነጠቀ የቫኪዩም ቱቦ ወይም የአየር ማስገቢያ ማኒፎልድ ጓርኒሲዮን (ማሸጊያ)። ዙር ሲጨምር ድምሩ አብሮ ከጨመረ ግን ነዳጅ ፓምፕ፣ ፊልትሮ ወይም የቆሸሸ የአየር መጠን ሴንሰር ጠርጥሩ። የአየር መጠን ሴንሰሩ ለእሱ በተሠራ ስፕሬይ ብቻ ነው የሚጸዳው፤ የካርቡሬተር ማጽጃ ሊያበላሸው ይችላል።

የኮዱ ትርጉም በየትኛውም ኦቢዲ 2 (የመኪና ብልሽት መመርመሪያ የጋራ ሥርዓት) ባለው መኪና አንድ ነው። የቼክ ኢንጅን መብራቱን የሚያበራው የመቶኛ ወሰን ግን እንደ አምራቹ ይለያያል።