ከብርሃን የሚቀድም ቅንጣት አለ እንዴ?

ከብርሃን የሚፈጥን ነገር የለም ይባላል። አንዳንድ የኮስሚክ ጨረር (ከጠፈር የሚመጡ ኃይለኛ ቅንጣቶች) መመርመሪያዎች ደግሞ የሚሠሩት ከብርሃን የቀደመ ቅንጣት ሲያልፍ ነው። ሁለቱም እውነት ነው።

ሕጉ የሚናገረው በባዶ ጠፈር ስላለው ፍጥነት ነው፤ በሴኮንድ 300,000 ኪሎ ሜትር ገደማ። ብርሃን ውሃ ውስጥ ሲገባ ግን ወደ 225,000 ይወርዳል። ሚዩዮንን (ኤሌክትሮንን የሚመስል ግን ከእሱ የሚከብድ ቅንጣት) የመሰለ ኃይለኛ ቅንጣት ይህን ያህል ስለማይገታ ውሃው ውስጥ ብርሃኑን ይቀድማል፤ የጠፈሩን ገደብ ግን አልጣሰም። ከድምፅ የፈጠነ አውሮፕላን ጉምጉምታ ጥሎ እንደሚያልፍ ሁሉ፣ ቅንጣቱም ሰማያዊ ብርሃን ይረጫል። ይህ የቼሬንኮቭ ጨረር ይባላል፤ ፓቬል ቼሬንኮቭ በ1958 እ.ኤ.አ. ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር የኖቤል ሽልማት ያገኘበት ነው።

አርጀንቲና ያለው የፒየር ኦዤ የኮስሚክ ጨረር መመርመሪያ ጣቢያ እያንዳንዳቸው 12,000 ሊትር ንጹሕ ውሃ የሚይዙ ከ1,600 በላይ ታንኮች አሉት። ውስጣቸው ድቅድቅ ጨለማ ነው፤ ደካማዋን ብልጭታ የብርሃን ዳሳሾች ይለቅሟታል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል፦ ታንኩ የሚይዘው ከጠፈር የመጣውን ቅንጣት ራሱን ሳይሆን፣ እሱ ከአየር ጋር ሲጋጭ የወለዳቸውን የቅንጣቶች ዶፍ ነው። ዶፉ የትኛው ታንክ ላይ ቀድሞ እንደወረደ ሲታይ አቅጣጫው ይታወቃል፤ የብርሃኑ መጠን ደግሞ ጉልበቱን ያሳያል። ታንኮቹ በ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ላይ የተዘሩት፣ እጅግ ኃይለኞቹ ቅንጣቶች በአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር ላይ በመቶ ዓመት አንዴ እንኳ መምጣታቸው ስለሚያጠራጥር ነው።