«ግላስ»፦ ተመልካቹን ለሁለት የከፈለ መደምደሚያ

«ግላስ» ኤም. ናይት ሺያማላን ጽፎ ያዘጋጀው፣ በጥር 2019 እ.ኤ.አ. ለእይታ የበቃ የአሜሪካ ፊልም ነው። በ2000 በ«አንብሬከብል» ተጀምሮ ከዓመታት በኋላ በ«ስፕሊት» የቀጠለው ባለ ሦስት ክፍል ታሪክ የሚቋጨው በዚህ ፊልም ነው።

ታሪኩ የሚያጠነጥነው በፊላደልፊያ በሚኖሩ ሦስት ሰዎች ላይ ነው። ዴቪድ ደን (ብሩስ ዊሊስ) ከባቡር አደጋ ብቻውን፣ ያለ አንዲት ጭረት የተረፈ ጥበቃ ነው። ኤላይጃ ፕራይስ (ሳሙኤል ኤል. ጃክሰን) አጥንቱ በቀላሉ የሚሰበርና በኮሚክ መጻሕፍት (የልዩ ኃይል ጀግኖች ታሪክ በሥዕል በሚተረክባቸው) ፍቅር የተነደፈ ሰው ሲሆን፣ ያንን አደጋ ያደረሰውም እሱ ነው። ኬቨን (ጄምስ ማካቮይ) 24 ማንነቶች በአንድ አካሉ ይፈራረቁበታል፤ ከሁሉም የሚፈራው «አውሬው» ነው። «ስፕሊት» ራሱን የቻለ አስፈሪ ፊልም መስሎ ቆይቶ በመጨረሻው ትዕይንት ዊሊስ ብቅ ሲል ነበር ከ«አንብሬከብል» ጋር መያያዙ ለተመልካች የገባው።

«ግላስ» ሦስቱን አንድ የአእምሮ ሆስፒታል ውስጥ ያገናኛቸዋል። ዶክተር ኤሊ ስቴፕል (ሳራ ፖልሰን) ሮዝ ቀለም በተቀባ ሰፊ ክፍል ጎን ለጎን አስቀምጣ፣ ልዩ ኃይል አለን ማለታችሁ ሕመም ነው ብላ ልታሳምናቸው ትሞክራለች። ድምፅዋን ከፍ አታደርግም፤ ለእያንዳንዱ ተአምር ተራ ምክንያት ታቀርባለች። ደን ራሱን መጠራጠር ሲጀምር ፊቱ ላይ የሚነበበው ድካም ከየትኛውም ድብድብ ይበልጣል። ኬቨን ክፍል ውስጥ ደግሞ ኃይለኛ መብራት ቦግ ባለ ቁጥር ማንነቱ ይቀየራል፤ ማካቮይ ካሜራው ፊት ከዘጠኝ ዓመት ልጅ ወደ ቁጡ ሴት በቅጽበት ሲሸጋገር ማየት ብቻውን ፊልሙን ያስመሰግነዋል።

በ20 ሚሊዮን ዶላር ተሠርቶ ወደ 247 ሚሊዮን ዶላር ቢያስገባም ብዙ ሃያሲያን አልወደዱትም። (ፊልሙን ያላየ ሰው ከዚህ በታች ያለውን ባያነብ ይሻላል።) ኤላይጃ በከተማዋ አዲስ ረጅም ሕንፃ ላይ ታላቅ ፍልሚያ እንደሚደረግ ደጋግሞ ይናገራል፤ ፍልሚያው ግን ከሆስፒታሉ ግቢ አይወጣም። ሦስቱም እዚያው ይሞታሉ። ድክመቱ ውኃ የሆነውን ደን የአንድ ምስጢራዊ ማኅበር ሰዎች መሬት ላይ ባቆረች ትንሽ ኩሬ ውስጥ ፊቱን ደፍቀው ይገድሉታል።

ብዙዎችን ያስቆጣው ይህ ሞት ነው። ለ18 ዓመት የተጠበቀ ጀግና እንዴት በኩሬ ይሞታል? እኔ ግን ከመጀመሪያው ፊልም ጋር የሚስማማው ፍጻሜ ይህ ነው እላለሁ። ደን እንደ ኮሚክ ጀግኖች ካባ ለብሶ አያውቅም፤ የሚለብሰው የዝናብ ልብስ ነው። ጠላቱም ከአውሬው ይልቅ «አንተ ተራ ሰው ነህ» የሚለው ድምፅ ነበር። የሚያስወቅሰው ሌላ ነው፦ ገዳዮቹን የላከው ይህ ምስጢራዊ ማኅበር በመጨረሻዎቹ ደቂቃዎች ድንገት ዱብ ይላል፤ በሁለቱ ቀዳሚ ፊልሞች ውስጥ አንድም ፍንጭ አልተሰጠም።