ክረምትን ስዊድን ካሉ ዘመዶች ጋር፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ትምህርት ሲዘጋ ስቶክሆልም ወይም ጎተንበርግ ያለች አክስት ቤት ሄዶ መክረም የብዙ ወጣት ምኞት ነው። የምኖረው ስቶክሆልም ስለሆነ ከአዲስ አበባ ለክረምት የሚመጡ የእህትና የወንድም ልጆች ብዙ ያጋጥሙኛል። ይዘውት የሚመጡት ወሬ ግን ብዙ ጊዜ ከእውነታው ጋር አይገጥምም። ጣጣው ደግሞ ለልጁ ብቻ አይደለም፣ ለጋበዘው ዘመድም ይተርፋል። በጣም የሚደጋገሙትን ላንሳ።

“ግብዣው ከተላከ ቪዛው አለቀ”

አላለቀም። አክስት የምትሞላው የግብዣ ቅጽና ከስዊድን የግብር መሥሪያ ቤት የምታወጣው የቤተሰብ መረጃ ማስረጃ ናቸው፤ የሚወስነው ኤምባሲው ነው። ኤምባሲው በዋናነት ማወቅ የሚፈልገው ደግሞ ልጁ በጊዜው ይመለሳል ወይ የሚለውን ነው። ስለዚህ ተማሪ መሆኑንና መስከረም ላይ ትምህርት እንደሚቀጥል የሚገልጽ የትምህርት ቤት ደብዳቤ በጣም ይጠቅማል። ዕድሜው ከ18 በታች ከሆነ የወላጆች ፈቃድ ያስፈልጋል። ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ የጤና ኢንሹራንስም ግዴታ ነው።

ማመልከቻው ከጉዞው 6 ወር አስቀድሞ መግባት ይችላል። መልሱ በተለምዶ በ15 ቀን ይደርስ ነበር፤ ከ2024 እ.ኤ.አ. ወዲህ ግን ለኢትዮጵያውያን አመልካቾች መደበኛው ጊዜ 45 ቀን ሆኗል። ሰኔ ላይ ተነስቶ ለሐምሌ ቪዛ መሯሯጥ ራስን ማስጨነቅ ነው።

ፓስፖርቱ ላይ የሚለጠፈውን ቪዛ ረጋ ብላችሁ አንብቡት። አንደኛው ቪዛው የሚያገለግልበት ጊዜ ነው፤ ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን ይላል። ሌላው መቆየት የሚፈቀድላችሁ የቀን ብዛት ነው። ሁለቱ አንድ አይደሉም። የቀኑ ብዛት 30 ከሆነ የሚያበቃበት ቀን ገና ሁለት ሳምንት ቢቀረውም በ30ኛው ቀን መውጣት ግድ ነው። የገባችሁበትም የምትወጡበትም ቀን ይቆጠራል። ረጅሙ የሚፈቀደው በ180 ቀን ውስጥ 90 ቀን ነው። ከተፈቀደለት ቀን ያለፈ ሰው ወደ ሸንገን አገሮች ሁሉ (ይህን የጋራ ቪዛ ወደሚጠቀሙት የአውሮፓ አገሮች) እንዳይገባ ሊታገድ ይችላል። ቤት ውስጥ “ትንሽ ብትቆይ ምን አለበት” የሚል ሽማግሌ አይጠፋም። እባካችሁ አትስሙት። በ17 ዓመት የተበላሸ መዝገብ ነገ የትምህርት ዕድል ሲገኝ እንቅፋት ይሆናል።

“ሠርቼ ቢያንስ ላፕቶፕ ገዝቼ እመለሳለሁ”

የጉብኝት ቪዛ ሥራ አይፈቅድም። ዘመድ ሬስቶራንት ውስጥ ሰሃን ማጠብም ቢሆን ሥራ ነው። ጣጣው ለባለቤቱም ይተርፋል።

“እዚያ ያለ ዘመድ ተደላድሎ ነው የሚኖረው፣ ክረምቱን ደግሞ እረፍት ነው”

ይህ በጣም የሚያሳዝነኝ ነው፤ ብዙ ኩርፊያ የሚመጣው ከዚህ ነውና። እውነት ነው፣ የስዊድን ሕግ ለሠራተኛ በዓመት ቢያንስ 25 የእረፍት ቀን ይሰጣል። ከሰኔ እስከ ነሐሴ ባለው ጊዜም አራት ተከታታይ ሳምንት የማረፍ መብት አለ። ነገር ግን የእኛ ሰው ብዙ ጊዜ የሚሠራው በአረጋውያን መንከባከቢያ፣ በሆስፒታል ወይም በአውቶቡስ ሾፌርነት ነው። እነዚህ ቦታዎች በክረምት አይዘጉም። እንዲያውም የሥራ ባልደረቦች እረፍት ሲወጡ የቀሩት ተጨማሪ ፈረቃ ይሸፍናሉ። አክስት ጠዋት ገና ከሌሊት ፈረቃ ገብታ፣ መጋረጃ ዘግታ ስትተኛ ልጁ “ዛሬስ የት እንሂድ?” ብሎ ይጠብቃል። ረስታው አይደለም። ደክሟት ነው።

የልብስ አጠባውን ብቻ ተመልከቱ። ብዙ የስዊድን አፓርታማ ቤቶች ምድር ቤት የጋራ ማጠቢያ ክፍል አላቸው። ነዋሪው ቀንና ሰዓት አስቀድሞ ይይዛል። የእሷ ሰዓት ሐሙስ ከ12 እስከ 3 ሰዓት ከሆነ፣ በዚያ ውስጥ ታጥቦ፣ ደርቆ፣ ክፍሉም ተጠርጎ ማለቅ አለበት፤ ቀጣዩ ጎረቤት በሩ ላይ ቆሟል። እንግዳው ልጅ ልብሱን ቀድሞ አሰናድቶ ቅርጫቱን ይዞላት ቢወርድ፣ ከአዲስ አበባ ከሚመጣ የትኛውም ስጦታ የበለጠ ደስ ይላታል።

አንድ ነገር ደግሞ አስቡ። የስዊድን ትምህርት ቤቶች የሚከፈቱት በነሐሴ አጋማሽ ገደማ ነው። ነሐሴ ላይ የደረሰ ልጅ የአክስቱ ልጆች ጠዋት ቦርሳ አንግተው ሲወጡ ብቻውን ቤት ይቀራል። ከቻላችሁ ሐምሌ መጀመሪያ ሂዱ።

“ብርድ ነው፣ ወፍራም ጃኬት ይዘህ ሂድ”

በሐምሌ የስቶክሆልም ቀን ከአዲስ አበባ ይሞቃል። አዲስ አበባ ዝናብና ጭጋግ ላይ ስትሆን ስቶክሆልም 23 ዲግሪ አካባቢ ናት፤ 30 የሚደርስበት ቀንም አለ። ቤቶቹ ለብርድ የተሠሩ ስለሆኑ ብዙዎቹ የአየር ማቀዝቀዣ የላቸውም። ቀለል ያለ ሹራብና የዝናብ ልብስ ይበቃል።

“ፀሐይ ጭራሽ አትጠልቅም” የሚባለውም ለስቶክሆልም አይሠራም። ጨርሶ የማትጠልቀው ሰሜን ጫፍ ነው፣ እንደ ኪሩና ወይም እንደ ኖርዌይዋ ትሮምሶ ባሉ ከተሞች። ስቶክሆልም ላይ ግን በሰኔ መጨረሻ ማታ 4 ሰዓት አካባቢ ትጠልቅና ሌሊት 9 ሰዓት ተኩል ገደማ ትወጣለች። እንቅልፍ የሚያስቸግረው ሰው የዓይን መሸፈኛ ይያዝ።

“ፈረንጅ አገር ነፍሳት የለም” የሚለውን ግን ጠንከር አድርጌ ላስተባብል። ወባ የለም፤ ትንኝ ግን ሞልቷል። ከሁሉ የሚያሰጋው መዥገር ነው። በስቶክሆልም ዙሪያ ባለው ሣርና ጫካ መዥገር ብዙ ነው፤ የአንጎል ትኩሳትና “ላይም” (Lyme) የሚባለውን በሽታ ያስተላልፋል። ለመጀመሪያው ክትባት አለ። ሣር ላይ ተቀምጣችሁ ወይም እንጆሪ ለቅማችሁ ስትመለሱ ጉልበት ጀርባ፣ ብብት፣ ብሽሽትና ጆሮ ሥር ፈትሹ። እንደ ጥቁር ነጥብ ትመስላለች፤ ስትነኳት ግን አትለቅም። በቀጭን ወረንጦ ከቆዳው አጠገብ ይዞ ቀጥ አድርጎ መሳብ ነው። ዘይት መቀባት አይረዳም።

“ዩሮ ይዤ ከሄድኩ ይበቃል”

ስዊድን፣ ኖርዌይና ዴንማርክ እያንዳንዳቸው የራሳቸው ክሮና አላቸው። ስቶክሆልም ውስጥ ጥሬ ገንዘብ የማይቀበል ካፌ ብዙ ነው፤ አውቶቡስም አይቀበልም። ሁሉም በስልክ የሚከፋፈልበት ስዊሽ ደግሞ የስዊድን ባንክ ሒሳብ ይጠይቃል። ከመሄዳችሁ በፊት በምን ካርድ እንደምትከፍሉ ከዘመድ ጋር ተነጋገሩ። በከተማው ትራንስፖርት ከ20 ዓመት በታች ለሆነ ሰው ቅናሽ አለ።

“ልጆቻቸው ባለጌ ናቸው”

የስዊድን ልጅ አስተማሪውን በስሙ ይጠራል። የአክስት ልጅም አጎቱን አንተ ቢል ንቀት አይደለም፣ ያደገበት ነው። በአማርኛ ሲያናግሩት በስዊድንኛ የሚመልስ ልጅም ብዙ ጊዜ ሰምቷችኋል፤ አንዳንዶቹ ትምህርት ቤት ውስጥ አማርኛን እንደ አፍ መፍቻ ቋንቋ ይማራሉ። ታገሱትና በአማርኛ ቀጥሉ። አንድ ነገር ግን አይደረግም፦ ታናሽን በኩርኩም “መቅጣት”። ስዊድን ልጅ መምታትን በ1979 እ.ኤ.አ. በሕግ ከልክላለች፤ ይህን በማድረግ ከዓለም የመጀመሪያዋ ናት። ወላጅም ቢሆን አይፈቀድለትም።

“ለአክስት ቅቤና ቋንጣ ሳልይዝማ አልሄድም”

እናቶች፣ ይህ ለእናንተ ነው። ከኢትዮጵያ ሥጋም ሆነ የወተት ተዋጽኦ ወደ አውሮፓ ኅብረት በሻንጣ ማስገባት ክልክል ነው። ንጥር ቅቤ፣ አይብ፣ ቋንጣ ከተገኘ ይወሰዳል። ትኩስ ጤና አዳምና ቃሪያም የዕፅዋት ጤና ሰርተፍኬት ይፈልጋሉ። ጫት ደግሞ በስዊድን፣ በኖርዌይና በዴንማርክ እንደ አደንዛዥ ዕፅ ነው የሚታየው፤ “ለጎረቤት አድርስልኝ” ብሎ ጥቅል የሚሰጥ ሰው ቢመጣ አትቀበሉ።

በርበሬ፣ ሽሮ፣ የተቆላ ቡና ችግር የለባቸውም። ማር እስከ 2 ኪሎ ይፈቀዳል። ቅቤውን አክስት ከዚያው ከሱቅ ገዝታ ታነጥራለች፤ የሚቸግራት ደረቅ ኮሰረትና ኮረሪማ ነው። እሱን ላኩላት።