4 ጊጋባይት ድራይቭ ላይ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ማሳነስ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

አሱስ በ2007 እ.ኤ.አ. ለገበያ ያወጣው ኢ ፒሲ 701 የተሰኘው ኔትቡክ (ትንሽ ላፕቶፕ) ዛሬም ሳይበላሽ ያለው ሰው ጥቂት አይደለም። በሰፊው የሚታወቀው ዓይነት 4 ጊጋባይት ድራይቭና 512 ሜጋባይት ራም አለው። ድራይቩ ማዘርቦርዱ ላይ የተበየደ ስለሆነ እንደ ላፕቶፕ ሃርድ ዲስክ ፈትቶ በትልቅ መቀየር አይቻልም። የሚቀረው ሲስተሙን ልኩ ማድረግ ነው። ከዚህ በታች ያለው በደቢያን 12 ሊኑክስ ላይ የተመሠረተ ነው።

«ለትንሽ ድራይቭ ዊንዶውስ ኤክስፒን የሚያህል የለም»

ኤክስፒ ቦታ የማይፈጅ መሆኑ እውነት ነው። ግን ማይክሮሶፍት ድጋፉን ያቆመው ኤፕሪል 8 ቀን 2014 ነው፤ የዛሬዎቹ ዋና ዋና ብሮውዘሮችም አይጫኑበትም። ኢንተርኔት ለማይነካ ማሽን ካልሆነ አንመክረውም።

«የቅርብ ጊዜውን ሊኑክስ ማውረድ ነው»

የ701 ፕሮሰሰር ባለ 32 ቢት ነው። በኦገስት 2025 የወጣው ደቢያን 13 ለ32 ቢት ኮምፒውተር የሚሆን መጫኛ የለውም። ስለዚህ የሚወርደው የደቢያን 12 ባለ 32 ቢት «ኔትኢንስት» (የቀረውን ከኢንተርኔት የሚያወርድ ትንሽ መጫኛ) ነው። ከርነል (የሲስተሙ እምብርት) ሲመረጥ «ፒኤኢ» (ከ4 ጊጋባይት በላይ ራም ማስተናገጃ) የሚል ቅጥያ የሌለውን 686 መውሰድ ነው፤ ለዚህ ያህል ራም ፒኤኢ ምንም አይጨምርም።

«መጀመሪያ ሁሉን መጫን፣ ከዚያ መቀነስ»

ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው። ደቢያን ራሱ ዴስክቶፕ ላለው ሲስተም የሚመክረው 10 ጊጋባይት ነው። 4 ጊጋባይት ላይ ይህን የሚሞክር ሰው የሚቀንሰው ነገር ሳይደርስ ድራይቩ ሞልቶ መጫኑ መሃል ላይ ይቆማል። ትክክለኛው መንገድ ተቃራኒው ነው፦ መጫኛው ምን ዓይነት ሶፍትዌር እንደሚፈለግ ሲጠይቅ የዴስክቶፑን ምልክቶች በሙሉ ማንሳት። የሚገኘው ባዶ ተርሚናል 1 ጊጋባይት አካባቢ ይይዛል። ከዚያ ስክሪን ላይ ምስል የሚያወጣውን ኤክስኦርግን፣ የመስኮት ማስተዳደሪያውን አይስደብልዩኤምንና የፋይል ማስተዳደሪያውን ፒሲማንኤፍኤምን እየመረጡ መጨመር ነው።

ሲጨመርም ሶፍትዌሮችን በፓኬጅ እያወረደ የሚጭነው አፕት «ሪኮሜንድስ» የሚባሉትን አጃቢ ፓኬጆች እንዳይጎትት መከልከል አለበት፤ ብዙውን ጊዜ ቦታ የሚበሉት እነሱ ናቸው። በአፕት ኮንፊግ ውስጥ «ኢንስቶል ሪኮሜንድስ» የሚለውን «ፎልስ» ማድረግ ለሁልጊዜው ይበቃል። ዋጋ ግን ያስከፍላል፤ የሚያስፈልገውን ሁሉ ራስዎ ማሰብ ይኖርብዎታል። የኤክስኦርግን ኮር ብቻ ጭኖ የሊብኢንፑት ድራይቨሩን የረሳ ሰው ስክሪኑ በደንብ ይበራለታል፣ መስኮቱም ይከፈታል፣ ኪቦርዱና ታችፓዱ ግን አይንቀሳቀሱም። ማሽኑ የተበላሸ የሚመስለው ብዙ ነው፤ የጎደለው ግን አንዲት ትንሽ ፓኬጅ ናት።

«ፎልደር ከፍቶ የማይጠቅመውን ማጥፋት ቦታ ያስለቅቃል»

ለጊዜው ያስለቅቃል። ከአፕት ሥር ሆኖ ፓኬጆችን የሚፈታው ዲፒኬጂ ግን ፋይሉ እንዳለ ነው የሚያውቀው፤ ፓኬጁ በተሻሻለ ቁጥር መልሶ ይጽፈዋል። ለፕሮግራም የሚያስፈልግ ፋይል ከሆነ ደግሞ ፕሮግራሙ እምቢ ይላል። መጀመሪያ «ዲዩ» በሚለው ትዕዛዝ የትኛው ፎልደር ስንት እንደያዘ መለካት ይገባል። የማንዋልና የትርጉም ፋይሎችን ማስቀረት ከፈለጉ በዲፒኬጂ ኮንፊግ ውስጥ «ፓዝ ኤክስክሉድ» የሚል መስመር ማስገባት ነው። ይህ የሚሠራው ከዚያ በኋላ ለሚጫኑት ብቻ ነው፤ የቀደሙትን አንድ ጊዜ በእጅ ማጥፋት ይቻላል፣ ተመልሰው አይመጡም።

አማርኛ ለሚጠቀም ሰው እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ትርጉሞችን ሲያስቀሩ እንግሊዝኛውንም ሆነ «ኤኤም» የሚለውን የአማርኛ ኮድ ማስቀረት የለብዎትም። ፎንት ስንቀንስም ቢያንስ አቢሲኒካ ይኑር፤ የግዕዝ ፊደል ያለው ፎንት ከሌለ ጽሑፉ ሁሉ ባዶ አራት ማዕዘን ሆኖ ይቀራል።

«300 ሜጋባይት ክፍት ካለ አፕዴት ማድረግ ይቻላል»

አፕት በቅድሚያ ፓኬጁን አውርዶ ያስቀምጣል፣ ቀጥሎ ይፈታዋል። ስለዚህ የወረደው፣ አዲሱና አሮጌው ለጥቂት ጊዜ አብረው ይቀመጣሉ። ከርነል ሲሆን ይብሳል፤ አዲሱ ከነሞጁሎቹ (ከነድራይቨሮቹ) ከአሮጌው ጎን ይቀመጣል፣ ኢኒትራምኤፍኤስ የሚባለው የቡት ፋይልም አዲስ ይሠራለታል። መሃል ላይ ቦታ ካለቀ ፓኬጆቹ በከፊል እንደተጫኑ ይቀራሉ፣ አፕትም ሌላ ሥራ አልሠራም ይላል። መፍትሔው ቅደም ተከተል አለው፦ «አፕት ክሊን» ብሎ የወረዱትን ማጽዳት፣ አሁን የሚሠራው ከርነል የትኛው እንደሆነ በ«ዩኔም» ትዕዛዝ አይቶ ሌላውን አሮጌ ማስወገድ፣ ከዚያ ዲፒኬጂ ያልተጨረሱትን ኮንፊገር እንዲያደርግ ማዘዝ። ይህ ሁሉ እንዳይመጣ 700 ሜጋባይት ያህል ክፍት መተው ይሻላል። በኢኒትራምኤፍኤስ ኮንፊግ ውስጥ «ሞጁልስ» የሚለውን ከ«ሞስት» ወደ «ዴፕ» መቀየርም የቡት ፋይሉን ያሳንሳል፤ ሲስተሙ ግን ከዚያ በኋላ ለዚያው ማሽን ብቻ የተሰፋ ይሆናል።

«ድራይቩ ቶሎ እንዳያረጅ ጆርናሉን ማጥፋት ያስፈልጋል»

ጆርናል ፋይል ሲስተሙ ለውጦችን አስቀድሞ የሚመዘግብበት ቦታ ነው፤ በዚህ መጠን ባለ ኤክስት4 (የሊኑክስ ፋይል ሲስተም) ላይ የሚይዘው 64 ሜጋባይት ነው። ባትሪያቸው ያረጀ ማሽኖች መብራት በሄደ ቁጥር ድንገት ይጠፋሉ፤ ፋይል ሲስተሙን ከዚያ የሚያተርፈው ጆርናሉ ነው፣ አይነካ። ወደ ድራይቩ የሚጻፈውን ለመቀነስ «ኖኤታይም» (ፋይል የተነበበበትን ሰዓት አለመመዝገብ) ይበቃል። ቦታ ከፈለጉ ኤክስት4 ለሩት (ለሲስተሙ አስተዳዳሪ) የሚያስቀምጠውን 5 በመቶ በ«ቱን2ኤፍኤስ» ወደ 1 በመቶ ያውርዱት፤ 150 ሜጋባይት ገደማ ይመለሳል። ለስዋፕ (ራም ሲሞላ ለሚያግዘው ቦታ) ደግሞ ከድራይቩ ላይ ፓርቲሽን ከመቁረጥ ይልቅ «ዚራም» ይሻላል፤ ራም ውስጥ ያለውን እዚያው ጨምቆ ያስቀምጣል። በዚያ ፈንታ ሃይበርኔት ማድረግ (የተከፈተውን ሥራ ድራይቩ ላይ አስቀምጦ ማጥፋት) ይቀራል።

«ኤስዲ ካርድ ከተሰካ የቦታው ችግር አለቀ»

ለግል ፋይሎች፣ አዎ። ካርዱ ግን ኤክስት4 መደረግ አለበት፤ ፋት32 የፋይል ባለቤትነትና ፈቃድ አይመዘግብም። ሲስተሙ ሲነሳ የሚከፍታቸው ድራይቮች በሚዘረዘሩበት «ኤፍስታብ» ውስጥ ደግሞ «ኖፌይል» (ባይገኝም ቀጥል) የሚለውን መጻፍ አይዘነጋ። ካልተጻፈና ካርዱ ከወለቀ ሲስተሙ ሲነሳ 90 ሰከንድ ይጠብቅና ወደ አስቸኳይ ጊዜ ተርሚናል ይገባል።

«ሲስተሙ ሲያንስ ማሽኑ ይፈጥናል»

ክፍት ቦታና ፍጥነት የተለያዩ ናቸው። ዘመናዊ ድረ ገጽ 512 ሜጋባይት ራም ይጨርሳል፤ ድራይቩ ላይ ምንም ያህል ቢጸዳ ይህ አይለወጥም። ለቀላል ገጾች ዲሎ የተባለው ትንሽ ብሮውዘር ይበቃል። ከዚያ በላይ የሚፈልግ ሰው ከሥር ያለውን ክዳን ፈትቶ በውስጡ ያለውን ዲዲአር2 ሶዲም ራም በ1 ጊጋባይት ቢቀይር ልዩነቱን ወዲያው ያየዋል።