የሰፈር ዘፈን ምንድን ነው?

የሰፈር ዘፈን ስል ሰፈር ውስጥ የሚዘፈነውን ማለቴ አይደለም። ከተማን፣ ይልቁንም የከተማን አንድ ጥግ፣ በስሙ እየጠራ የሚያሞካሸውን ዘመናዊ ዘፈን ነው። ፒያሳ፣ መርካቶ፣ አራት ኪሎ፣ ካዛንቺስ፣ ጎላ ሰፈር። ሚኒባስ ውስጥ ስሙ ሲጠራ የዚያ ሰፈር ልጅ ቀና ይላል። ዘፈኑ ስለ ፍቅር ይሁን ስለ ችስታነት፣ ማለትም ስለ ኪስ ባዶነት፣ ግድ የለውም። ሰፈሩ ተጠርቷል፣ በቃ።

ስለ ትውልድ ቦታ መዝፈን ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም። ከአራቱ ዋና ዋና ቅኝቶቻችን ሁለቱ፣ አምባሰልና ባቲ፣ የወሎ ቦታዎች ስም ናቸው። የገጠሩ ዘፈን ግን የሚያወድሰው ተራራ፣ ወንዝና ሸንተረር አለው። ጎጃም ሲነሳ ዓባይ ይነሳል። አዲስ አበባም እንጦጦን የመሰለ ተራራ አላት፤ ነገር ግን የመሀል ከተማ ልጅ ኩራቱ እዚያ ላይ አይደለም። ወንዞቿማ ለረጅም ዘመን የታወቁት በሽታቸው ነው። እነሱን ማን ደፍሮ ይዘፍናል? ስለዚህ የተራራውንና የወንዙን ቦታ የሰፈር ስም ወሰደው።

ሌላም ምክንያት አለው። ከተማዋ የተቆረቆረችው በ1879 ዓ.ም. ነው፤ ገና ልጅ ናት። ሁሉም ከሆነ ቦታ መጥቶባታል። «ሀገርህ የት ነው?» ለሚል ሰው «አዲስ አበባ» ብለህ ብትመልስ አይለቅህም። «እሱማ ነው፤ አባትህስ ከየት ናቸው?» ይላል። «የሠራተኛ ሰፈር ልጅ ነኝ» ስትለው ግን ክርክሩ ያልቃል። ማንም ያንን ሊነጥቅህ አይችልም፤ እዚያ ኳስ ተጫውተሃል፣ እዚያ ተደባድበሃል። የሰፈር ዘፈን ጉልበት የሚመጣው ከዚህ ይመስለኛል።

ነገሩ በዘመናዊው ሙዚቃ ውስጥ የቆየ ነው። በ1960ዎቹ መጀመሪያ የፖሊስ፣ የክቡር ዘበኛና የጦር ሠራዊት ኦርኬስትራ ልጆች ማታ ማታ በየክለቡ ሲጫወቱ፣ ዓለማየሁ እሸቴ «አዲስ አበባ ቤቴ» ብሎ ዘፍኗል። የዚያን ጊዜ የሌሊቱ ዓለም ማዕከል ከፒያሳ ብዙ አይርቅም። ደጃች ውቤ ሰፈር ነበር፤ የአራዳ ሰው ግን ውቤ በረሃ ይለዋል። ከ1966ቱ አብዮት በኋላ የሰዓት እላፊ መጣና ያ ሌሊት ተዘጋ። ክለቡ ሲዘጋ ሰዉ ሙዚቃውን በካሴት ወደ ቤቱ ይዞ ገባ። ውቤ በረሃም እስከ ዛሬ በጨዋታና በትዝታ ይነሳል፤ የሚያነሱት ደግሞ አብዛኞቹ አይተውት አያውቁም።

አሁን ስልቱን ቀረብ ብለን እንየው። ለምሳሌ እንዲሆን ይህችን ሁለት ስንኝ ራሴ ገጥሜያታለሁ፤ ዜማ ያለው ይውሰዳት፦

ከማዘጋጃ ቤት ስወርድ ለገሃር፣
እግሬ ሄደ እንጂ ልቤማ ከአንቺ ጋር።

በመጀመሪያው መስመር ላይ አንድም ሙገሳ የለም። ቸርችል ጎዳናን ከላይ እስከ ታች መውረድ ብቻ ነው። ያንን ቁልቁለት በእግሩ የወረደ ሰው ግን ሙሉውን መንገድ ያየዋል። የማያውቀው ቤት መምቻ ብቻ ይመስለዋል። ሰምና ወርቁ ያለው «አንቺ» ላይ ነው። ላይ ፒያሳ የቀረችው ሴት ናት ወይስ ራሷ ፒያሳ? ዘፋኙ አይነግርህም። ከተማ በዘፈናችን ብዙ ጊዜ ሴት ናት፤ ትኮራለች፣ ትከዳለች፣ ትናፈቃለች። ለዚህ ነው የፍቅር ዘፈን መስሎህ የሰማኸው ነገር መሀል ላይ ድንገት የአውቶቡስ መስመር የሚመስለው።

ሁለተኛው ስልት ሰውን መዘመር ነው። «የአራዳ ልጅ» የሚለው ዛሬ አድራሻ ብቻ አይደለም። አራዳ ማለት ነቃ ያለ፣ ጨዋታ የሚያውቅ፣ ኪሱ ባዶ ሆኖም የማይታወቅበት ነው። ተቃራኒው ፋራ ነው። ዘፈኑ «እኛ አራዳዎች» ሲል ታዲያ ኮልፌ የተወለደውም አብሮ ያጨበጭባል፤ ማንም ፋራ ነኝ ብሎ አይወጣም። የሰፈር ቋንቋውም የሚገባው እዚህ ላይ ነው። «ጀለስ»፣ «ችስታ»፣ «አሪፍ» ያለ ዘፋኝ ሰፈሩን ሳይጠራ ከየት እንደመጣ ነግሮሃል። ኮንሰርት ላይ ደግሞ «የመርካቶ ልጆች የታላችሁ?» ብሎ መጠየቅ ብቻ ይበቃል። መርካቶ ሲጮህ ፒያሳ ዝም አይልም።

የማይሰራውስ? ስለ ከተማዋ ታዝዞ የተሠራ ዘፈን አብዛኛውን ጊዜ አይሰራም፤ ይህ የእኔ አስተያየት ነው። «የአፍሪካ መዲና፣ አዲስ አበባ» እያለ ፎቅና አደባባይ ይቆጥራል። ሐሰት አልተናገረም፤ የአፍሪካ አንድነት ድርጅት በ1955 ዓ.ም. እዚሁ ነው የተመሠረተው። ግን በዚህ ማን ሰፈሩን ያስታውሳል? የእውነተኛ ከተሜ ኩራት ውስጥ ሁልጊዜ ትንሽ ማማረር አለበት። ጭቃው፣ የታክሲ ሰልፉ፣ የውሃው መጥፋት። ከተማውን እንደ ልቡ የሚሰድበው የከተማው ልጅ ብቻ ነው፤ እንግዳ ሲሰድብበት ግን ይጣላል።

ዛሬ ጉዳዩ ሌላ መልክ ይዟል። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በኮሪደር ልማቱ የፒያሳ ብዙ ክፍል ፈርሷል፤ እዚያው ፒያሳ የነበረው የዶሮ ማነቂያ ሰፈርም ነበረ እየተባለ ነው የሚወራው። ቀጥሎ ካዛንቺስ ተነሳ፤ የአዝማሪ ቤቶች ሰፈር የነበረው ካዛንቺስ። ስለዚህ ስማቸው ያለበት የቆየ ዘፈን ሁሉ፣ ሲሠራ ለጭፈራ የነበረውም ጭምር፣ አሁን እንደ ትዝታ ነው የሚደመጠው። ግጥሙ ያው ነው፤ የተቀየረው ሰሚው ነው።

ጥያቄው የኮንዶሚኒየም ልጆች ምን ይዘፍናሉ ነው። እዚያ ተወልደው ጎረምሳ የሆኑ አሉ፤ ደረጃው ላይ ኳስ ያንከባለሉ፣ በብሎክ የተቧደኑ። ለእነሱ ሰፈር ማለት ጀሞ ነው፣ ሰሚት ነው፣ የካ አባዶ ነው። ጀሞ ለግጥም ይመቻል፤ ከርሞ፣ ቆሞ፣ ታሞ ሁሉ ቤት ይመታለታል። የካ አባዶም ሄዶና ለምዶ አሉት። ሰሚት ላይ ግን ገጣሚው ትንሽ ማላቡ አይቀርም።