የካንሰር ጫና ምንድን ነው?

የካንሰር ጫና ሲባል ቶሎ ወደ አእምሮ የሚመጣው የታማሚው ብዛት ነው። ባለሙያዎች ግን ጫናውን ሲለኩ ስንት ሰው በዓመት አዲስ ታመመ፣ ስንቱ ሞተ፣ በሕይወት ያለውስ ስንት የጤና ዕድሜ አጣ ብለው ይጠይቃሉ። ሕክምና በማይዳረስበት አካባቢ ብዙ የሚናገሩት የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ጎን ለጎን ሲቀመጡ ነው።

የጡት ካንሰርን እንይ። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም ለ2022 እ.ኤ.አ. ባወጣው ግምት መሠረት፣ እጅግ በበለጸጉት አገሮች ከ12 ሴቶች አንዷ በሕይወት ዘመኗ በሽታው ይገኝባታል፤ በዚሁ የምትሞተው ግን ከ71 አንዷ ናት። በልማት ወደኋላ በቀሩት አገሮች የሚገኝባት ከ27 አንዷ ስትሆን የምትሞተው ከ48 አንዷ ናት። ሲሰላ፣ በበለጸጉት አገሮች ከታመሙት ስድስት ሴቶች አንዷ ገደማ፣ ወደኋላ በቀሩት ደግሞ ከግማሽ በላይ ይሞታሉ ማለት ነው። (ሳይመረመር የሞተ ሰው መዝገብ ውስጥ ስለማይገባ፣ የድሃ አገሮች የታማሚ ቁጥር ሁልጊዜ በጥርጣሬ መታየት አለበት።)

ጫናው የሚጨምረው በከፊል ከመልካም ነገር የተነሳ ነው፤ ሰው በልጅነቱ በተላላፊ በሽታ መሞቱ ሲቀንስ ካንሰር ወደሚበዛበት ዕድሜ ይደርሳል። ትምባሆ፣ አልኮልና ከልክ ያለፈ ውፍረትም አሉበት። በ2022 ወደ 20 ሚሊዮን የነበረው የዓለም አዲስ ታማሚ በ2050 ከ35 ሚሊዮን እንደሚያልፍ ይገመታል።

በበለጸጉትና በድሃዎቹ አገሮች መካከል ያለው የሞት ልዩነት የሚፈጠረው የት ነው? ብዙዎች የጨረር ሕክምና ማሽን እጥረት ይላሉ፤ እውነትም ነው። እኔ ግን ከዚያ በፊት ያለው መንገድ ይበልጥ ያሳስበኛል። የጡት እባጭ መጀመሪያ ላይ ብዙውን ጊዜ ስለማያም ሴቲቱ አትቸኩልም። ጤና ጣቢያ ስትሄድ ኢንፌክሽን ነው ተብሎ አንቲባዮቲክ ሊታዘዝላት ይችላል። ወደ ሆስፒታል ከተላከች በኋላ በመርፌ የተወሰደው ናሙና ፎርማሊን የተባለ፣ ሥጋው እንዳይበላሽ የሚጠብቅ ፈሳሽ ውስጥ ይገባና ፓቶሎጂስት (ናሙናን በማይክሮስኮፕ የሚመረምር ሐኪም) ወዳለበት ይጓዛል። ፎርማሊኑ ካነሰ ወይም ናሙናው ሳይነከር ከቆየ ሥጋው ይበላሽና ምርመራው ከዜሮ ይጀመራል። ካንሰር መሆኑ ቢታወቅ እንኳ ዕጢው በሆርሞን የሚያድግ መሆን አለመሆኑን የሚለይ ሌላ ምርመራ ይቀራል። ታሞክሲፈን የተባለው በየቀኑ የሚዋጥ ኪኒን የሚጠቅመው በሆርሞን ለሚያድገው ዓይነት ነው። ምርመራው በሌለበት ሐኪሙ በግምት ያዛል።

የዓለም ጤና ድርጅት ለጡት ካንሰር ካስቀመጣቸው ግቦች አንዱ ታማሚዋ ጤና ተቋም ከቀረበች በ60 ቀን ውስጥ ምርመራዋ ይጠናቀቅ የሚል ነው። ማሽን ሲገዛ ሪባን ይቆረጣል፤ ናሙና በሰዓቱ ሲደርስ ግን ማንም አያጨበጭብም። ገንዘቡም ብዙ ጊዜ ጭብጨባውን ይከተላል።

የማህፀን በር ካንሰር ይህ መንገድ ሊያጥር እንደሚችል ያሳያል። በ2022 ወደ 350,000 ሴቶችን ገድሏል፤ ከሟቾቹ 94 በመቶው የዝቅተኛና የመካከለኛ ገቢ አገሮች ሴቶች ናቸው። መከላከያ ክትባት አለው፤ ቅድመ ካንሰሩንም፣ ማለትም ወደ ካንሰር ሊለወጥ የሚችለውን የሕዋስ ለውጥ፣ ያለ ላብራቶሪ መፈለግ ይቻላል። ነርሷ የማህፀን በሩን በቀጠነ አሴቲክ አሲድ (ኮምጣጤ ውስጥ ያለው አሲድ) ትቀባና አንድ ደቂቃ ያህል ትጠብቃለች። ነጣ ያለ ቦታ ካየችና ለሕክምናው የሚመች ከሆነ፣ በዚያው ቀጠሮ በሙቀት ታጠፋዋለች። ሴቲቱ ዳግመኛ መምጣት ሳያስፈልጋት፣ ናሙናም ሳይላክ ሥራው ያልቃል።

ዘዴው በመርማሪዋ ዓይን ላይ ስለሚመሠረት ይሳሳታል። በዚህም ምክንያት የዓለም ጤና ድርጅት አሁን የሚያስቀድመው የማህፀን በር ካንሰርን የሚያመጣውን ኤችፒቪ የተባለ ቫይረስ የሚፈልገውን ምርመራ ነው፤ ናሙናውን ሴቲቱ ራሷ ልትወስደው ትችላለች። ነገር ግን ውጤቱ ከላብራቶሪ እስኪመጣ ሳምንታት ከፈጀ፣ ቫይረሱ የተገኘባት ሴት ለሕክምና ሳትመለስ ልትቀር ትችላለች።