ብላይንድ ቦይስ ኦፍ አላባማ፦ የሚወራው እና እውነታው

ይህን የጥቁር አሜሪካውያን የመዝሙር ቡድን ብዙ ሰው ያወቀው «ዘ ዋየር» የተባለው ተከታታይ ፊልም መክፈቻ ላይ ሰምቶት ነው። ስለዚህ ስለ ቡድኑ የሚወራው ሁሉ ልክ ባይሆን አይገርምም። (ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

«በ2001 ብቅ ያሉ ሽማግሌዎች ናቸው።» ኧረ የት! የተሰባሰቡት በ1939 ነው፤ አላባማ፣ ታላዴጋ በሚገኝ የጥቁር ዓይነ ስውራንና መስማት የተሳናቸው ትምህርት ቤት፣ ገና ልጆች ሳሉ።

«ስሙን ያወጡት ራሳቸው ናቸው።» ሲጀምሩ «ሃፒ ላንድ ጁቢሊ ሲንገርስ» ነበር የሚባሉት። በ1948 ኒዋርክ ከተማ አንድ የኮንሰርት አዘጋጅ ከሚሲሲፒ ዓይነ ስውራን ዘማሪዎች ጋር መድረክ ላይ አገናኛቸውና የዓይነ ስውራኑ ልጆች (በእንግሊዝኛ «ብላይንድ ቦይስ») ፍልሚያ ብሎ አስተዋወቀ። ሕዝቡ ግልብጥ ብሎ ወጣ። ትኬት የሚሸጥ ስም ማን ይጥላል? ሁለቱም ይዘውት ቀሩ። ሰው እስካሁን የአላባማዎቹንና የሚሲሲፒዎቹን የሚያምታታው ለዚህ ነው።

«ሁሉም ዓይነ ስውራን ናቸው።» ከመሥራቾቹ ጄ.ቲ. ሃተን ያይ ነበር። ለዓመታት ጊታር የተጫወተላቸው ጆይ ዊሊያምስም ያያል። በነገራችን ላይ፣ የቡድኑ ዘማሪ ጂሚ ካርተር የቀድሞው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ሞክሼ እንጂ ሌላ ሰው ናቸው።

«ወደ ዓለማዊ ዘፈን ዞረዋል።» ይህኛው ነው የሚያናድደኝ። በ1950ዎቹ ከእነሱ ጋር በአንድ አሳታሚ ቤት የነበረው ሳም ኩክ ወደ ፖፕ ሲሻገር፣ መሪ ድምፃዊው ክላረንስ ፋውንቴን ከመዝሙር ንቅንቅ አላለም። በ2001 አልበማቸው «አሜዚንግ ግሬስ» የተባለውን መዝሙር የዘመሩት «ሃውስ ኦፍ ዘ ራይዚንግ ሰን» በተባለ ዓለማዊ ዘፈን ዜማ ነው። ዜማው የመሸታ ቤት ቢመስልም ግጥሙ ያው የቤተ ክርስቲያኑ ነው። በ1983 ኒውዮርክ በቀረበው «ዘ ጎስፔል አት ኮሎነስ» ቲያትር ደግሞ የጥንቱን የግሪክ ዓይነ ስውር ንጉሥ ኤዲፐስን በጋራ ሆነው ተጫወቱ። ታሪኩ የግሪክ፣ መድረኩ ግን የጥቁሮች ቤተ ክርስቲያን። እንዲህ ያለ ቲያትር የፖፕ ኮከብ መሆን የፈለገ ሰው ምርጫ አይመስለኝም።

«ግራሚው የአንድ ጊዜ ዕድል ነው።» ይህን የአሜሪካ የሙዚቃ ሽልማት ከ2002 እስከ 2005 በተከታታይ አራት ዓመት ወስደዋል።

«ፋውንቴን ሲሞት አበቃ።» ፋውንቴን ያረፈው በ2018 ነው። ቡድኑ በአዳዲስ ድምፆች ቀጥሎ፣ በ2024 «ኤኮስ ኦፍ ዘ ሳውዝ» በተባለው አልበም እንደገና ግራሚ ወሰደ።